እጅ የሚያስቆረጥመው ዶሮ

ሰው ተሳድቦ ሲከሰስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አመስግኖ ጠበቃ ልያዝ አልያዝ ብሎ የተጨነቀ ሰው ግን ከእኔ በቀር አላውቅም። ካለ አገናኙኝና እንጽናና።

ነገሩ የጀመረው በዶሮ ነው። ቡርንስቪል፣ እኛ ከምንኖርበት አፓርትመንት ብዙም ሳይርቅ፣ በልብስ ማጠቢያ ቤትና በጎማ ቤት መካከል አንድ የቻይና ቡፌ አለ። ጾም ካልሆነ በቀር እሁድ ከቅዳሴ መልስ እዚያ ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ ሰብለ፣ እዚሁ ሚኒሶታ የተወለደችው ልጃችን ሶልያና። ሰብለ ዓሣውን ትወዳለች። ሶልያና ከአይስክሬም ማሽኑ ሥር አትጠፋም። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ትሪ ደርድረውልኝ የምቆመው አንድ ትሪ ፊት ብቻ ነው፤ የዝንጅብል ዶሮው ፊት። ሰብለ "ሌላውም እኮ ተከፍሎበታል" እያለች ብትቆጣም አልሰማትም። የቤቱ ባለቤት ሚስስ ሊን እንኳ ስሜን ጠይቃኝ አታውቅም፤ በእንግሊዝኛ "ሚስተር ዝንጅብል" ነው የምትለኝ። እኔም በደስታ አቤት እላለሁ።

ገና ካለፈ በኋላ፣ ሁዳዴ ሳይገባ፣ አንድ እሁድ ሚስስ ሊን እጇን በሽርጧ እየጠራረገች ጠረጴዛችን ድረስ መጣች።

"ሚስተር ዝንጅብል፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ኢንተርኔት ላይ መጥፎ መጥፎውን ይጽፉብናል። ምግባችንን የሚወዱት በልተው፣ አመስግነው ዝም ብለው ይሄዳሉ። የተናደደው ብቻ ነው የሚጽፈው። አንተ አንድ ጥሩ ሪቪው ብትጽፍልን?"

ደረቴን መታሁ። "ጣጣ የለውም" አልኳት። እንዲህ ያልኩበትን አፌን ነው ዛሬ የምረግመው።

በማግስቱ ሰብለን ከምትሠራበት ነርሲንግ ሆም፣ ከአረጋውያን መጦሪያው፣ ላመጣት ሄጄ፣ ሺፍቷ እስኪያልቅ መኪናው ውስጥ ማሞቂያ ከፍቼ ስልኬን አወጣሁ። መቼም እኔ ሳላነብ አልጽፍም፤ መጀመሪያ ሌሎቹ ያሉትን ላንብብ ብዬ ገባሁ። ምነው ባልገባሁ! ሾርባው ትኩስ ነው ብላ ሁለት ኮከብ የሰጠች ሴት አለች። ሾርባ እኮ ነው! ቀዝቅዞ እንዲመጣላት ነው የፈለገችው? ሌላው ሰውዬ "አስተናጋጇ ፈገግ አላለችልኝም" ይላል፤ ፎቶውን አየሁት፣ እሱ ራሱ ፈገግ ያለ አይመስልም። አንዱ ደግሞ እዚያ ቤት ፒዛ አለመኖሩ አሳዝኖታል። አንብቤ ስጨርስ ዘመዴ የተሰደበ ያህል ደሜ ፈላ። እነዚህን ሁሉ የሚያስረሳ ምስጋና መጻፍ አለብኝ ብዬ ተነሳሁ።

በምን ቋንቋ ነው የሚጻፈው? የእኔ እንግሊዝኛ የሥራ እንግሊዝኛ ነው። በሽተኛ ወደ ክሊኒክ የማመላልስ ሹፌር ነኝ። "ቀበቶዎን ልሰርልዎ"፣ "ደረጃው ጋ ይጠንቀቁ"፣ "ቀጠሮዎ ስንት ሰዓት ነው" ለማለት ማንም አይቀድመኝም። በዚህ እንግሊዝኛ ግን ዶሮ አይመሰገንም። ስለዚህ አምስቱንም ኮከብ አበራሁና፣ ከልቤ፣ በአማርኛ እንዲህ ስል ጻፍኩ፦

"የዚህ ቤት የዝንጅብል ዶሮ እጅ ያስቆረጥማል! እኔና ቤተሰቤ እሁድ እሁድ መጥተን በሳቅም በምግብም እንሞታለን። ባለፈው ሆዴ ሊፈነዳ ደርሶ ልጄ ደግፋ ነው ያወጣችኝ። ሠራተኞቹ ትሕትናቸው አንጀት ይበላል። ባለቤቷ የሰው መድኃኒት ናት።"

ደጋግሜ አነበብኩት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሰብለ መኪና ውስጥ ገብታ "ማን ሞቶ ነው?" እስክትል ድረስ።

ቅዳሜ ጠዋት ሶልያና ሶፋው ላይ ተጋድማ ስልኳን ስትነካካ ድንገት ቀና አለች።

"ዳዲ፣ ዲድ ዩ ራይት ዚስ?"

ጽሑፉ ሥር ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉም ነገር አለ ለካ። ፈረንጁ ሁሉ እሱን ተጭኖ ነው የሚያነበው። ሶልያና በእንግሊዝኛ እየጮኸች ስታነብልኝ፣ እኔ በሆዴ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ስሰማው እንዲህ ይላል፦

"የዚህ ቤት የዝንጅብል ዶሮ የሰዎችን እጅ ይቆርጣል! እኔና ቤተሰቤ በየእሁዱ ወደዚህ መጥተን እየሳቅን ሕይወታችንን እናጣለን። ባለፈው ሳምንት ሆዴ ፍንዳታ ሊያደርስ ሲል ሴት ልጄ ተሸክማ አወጣችኝ። ሠራተኞቹ በትሕትና አንጀት ይመገባሉ። ባለቤቷ ከሰው የተዘጋጀች መድኃኒት ናት።"

ከላዩ አምስት ኮከብ።

ሶልያና ከሶፋው ወደቀች። ወለሉ ላይ ሆና ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እኔ ግን ስልኩን ተቀብያት ከሥር ያለውን አየሁ። ብዙ ሰው ጽሑፉን "ጠቃሚ ነው" ብሎ ምልክት አድርጎበታል። ለማን ነው የጠቀመው? ከሥሩ ደግሞ የቤቱ መልስ ተቀምጧል፦

"ውድ ደንበኛችን፣ በእጅዎ ላይ ለደረሰው ጉዳት እጅግ እናዝናለን። እባክዎ በአስቸኳይ ይደውሉልን። ሠራተኞቻችን አንጀት አይበሉም።"

ያቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ልቤን ሰበረችው። ሚስስ ሊን በዚያ ድካሟ ላይ ተቀምጣ፣ ሠራተኞቼ አንጀት አይበሉም ብላ ለዓለም ስታስረዳ ታየችኝ። ስሜን ስለማታውቅ የጻፈው የእሷው ሚስተር ዝንጅብል መሆኑንም አላወቀችም። ድንገት ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ሐሙስ ዕለት አንዲት አሮጊት ለኩላሊት እጥበት ክሊኒክ አድርሼ ስመለስ በዚያ በር አልፌ ነበር። አንድ ነጭ መኪና በሩ ላይ ቆሞ፣ ወረቀት የያዘ ሰውዬ ኮስተር ብሎ ሲገባ አይቻለሁ። ጤና ጥበቃ! ሊያሽግ ነው የመጣው! በእኔ አንደበት ስንት ሰው እንጀራው ሊዘጋ ነው!

"ጀስት ዲሊት ኢት፣ ዳዲ" አለች ሶልያና፣ እንባዋን እየጠረገች።

ላጠፋው ጣቴን ዘርግቼ ሳለ በሩ ተንኳኳና ከማል ገባ።

ከማልን ላስተዋውቃችሁ። የወሎ ልጅ ነው፣ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፣ ልቡ ከወርቅ ነው። አንድ ጊዜ ከኋላው ተገጭቶ ክስ ስለነበረው ግን ከዚያ ወዲህ ራሱን እንደ ግማሽ ጠበቃ ይቆጥራል። ነገሩን ስነግረው አልሳቀም። ይልቅ ኮቱን ሳያወልቅ በዝግታ ተቀመጠ፤ ይሄ የበለጠ አስፈራኝ።

"እንዳታጠፋው" አለ። "ወላሂ እንዳታጠፋው። ማስረጃ አጠፋህ ነው የሚሉህ።"

"ታዲያ ይቅርታ ልጻፍ?"

"ይቅርታ? በዚህ አገር ይቅርታ ካልክ አመንክ ማለት ነው! አትጻፍ፣ አታጥፋ፣ እዚያም ሰፈር አትታይ።"

"ምን ሊያደርጉኝ ይችላሉ?"

"ስም ማጥፋት" አለና ጣራውን አየ። "ከዚያ ደግሞ፣ እጄ ተቆረጠ ብለህ በሐሰት ካሳ ልትጠይቅ ነበር ሊሉህ ይችላሉ። እሱ ሌላ ነው።"

"ካሳ መቼ ጠየቅኩ?"

"እሱን ለእኔ አትንገረኝ።"

ሰብለ ከማድ ቤት ብቅ አለች። "ሁለታችሁም ሞኞች ናችሁ" አለች። "ሴትየዋ ደውል ብላለች አይደል? ደውልላትና እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው በላት፤ ሌላ ምን አለው?"

የሚስት ምክር ከግማሽ ጠበቃ ምክር ይሻላል ብዬ ደወልኩ። ከማል ተቃውሞውን ገልጾ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ሄሎ" አልኩ። "እኔ ስለ እጅ የጻፍኩት ሰውዬ ነኝ።"

ወዲያ ማዶ አንዲት ልጅ በቻይንኛ ጮኸች፣ ሳህን ነገር ወደቀ፣ ከዚያ ሚስስ ሊን ራሷ ስልኩን ያዘች።

"የትኛው እጅህ ነው?" አለችኝ።

"ኖ ሀንድ!" አልኳት። የእጅ ነገር የለም፣ ጨርሶ እጅ የሚባል ነገር የለበትም ማለቴ ነው።

"ኖ ሀንድ?"

"የስ! ኖ ሀንድ! ሁለቱም ኖ!"

"ሁለቱም?" አለች። "ታዲያ ስልኩን ማን ያዘልህ?"

ይህን ጊዜ ከማል ስልኩን ከእጄ መንጭቆ ዘጋው። "በቃ! ራስህን እየቀበርክ ነው!"

ሰብለ አየችን፤ እኔን እንደ ባል፣ ከማልን እንደ እንግዳ አልነበረም አስተያየቷ። "ኮትህን ልበስ" አለችኝ። "ሂድና ሁለት እጅ እንዳለህ በዓይኗ ትይ።"

በከማል መኪና ሄድን። መንገዱን ሁሉ የምለውን ስለማመድ ነበር። በቀጥታ ወደ ሚስስ ሊን እሄዳለሁ፣ ጓንቴን አወልቃለሁ፣ ሁለቱን እጆቼን ከፍ አድርጌ አሳያለሁ፣ ፈገግ እላለሁ። ምን ይቀራል? ምንም አይቀርም። ለማሳየት እንዲቀለኝ ብዬ ገና ከመኪናው ስወርድ ጓንቴን አወለቅኩ።

የፓርኪንጉ በረዶ ቀልጦ መልሶ መስታወት ሆኗል። ሁለት እርምጃ እንኳ ሳልሄድ እግሬ ወደ ሰማይ፣ እኔ ወደ መሬት። በቀኝ እጄ ተደገፍኩ፤ መዳፌን ጠርዘኛ በረዶ ሸረከተው። ሲያዩት የሚያስፈራ፣ ሲጠርጉት ጭረት የሆነ ቁስል ነው፤ ደሙ ግን ነጭ በረዶ ላይ እንዴት ብሎ ይታይ መሰላችሁ!

"እንዳትነቃነቅ!" አለ ከማል ስልኩን እያወጣ። "መጀመሪያ በረዶውን ፎቶ ላንሳው። ይሄ እንኳ ለእኛ ጥሩ ነው።"

"አንሳኝ አንተ ሰውዬ!"

አነሳኝና የአንገት ልብሱን ፈትቶ እጄን እስከ ክርኔ ጠቀለለልኝ። ቀይ የአንገት ልብስ ነው፤ ሌላ ቀለም እንደሌለ ሁሉ። እመለሳለሁ አልኩ፣ ቁስሉ መታጠብ አለበት አለ፣ የሚታጠብበት ቦታ ደግሞ ከፊታችን ያለው እሱ ብቻ ነው። እንግዲህ እንዲህ ሆኜ ነው የገባሁት።

ከምሳና ከራት መካከል ስለሆነ ቤቱ ባዶ ነው። ሚስስ ሊን ከአንዲት አስተናጋጅ ጋር ከሒሳብ መቀበያው ማሽን ኋላ ቆማለች። መጀመሪያ ፊቴን አይታ "ሚስተር ዝንጅብል!" ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ዓይኗ ወደ እጄ ወረደ። ወዲያው ነገሩ ሁሉ ተገጣጠመላት መሰለኝ፣ ፊቷ እንደ ሩዝ ነጣ።

"አንተ ነህ" አለች። "ያ ሰው አንተ ነህ።"

"እኔ ነኝ፤ ግን ይሄ በረዶ ነው!"

"እሁድ አንተ ከዚህ ስትወጣ ደህና ነበርክ። እጅህም ነበረ። አይቼዋለሁ።"

"አሁንም አለ! ውስጥ ነው!"

ከማል ከኋላዬ በአማርኛ "ዝም በል፣ ዝም በል" ይለኛል። እኔ በምን ልቤ ዝም እላለሁ? ወደ ትሪዎቹ ዞር ስል የማየው ነገር ሌላ ጭንቀት ሆነብኝ። በዝንጅብል ዶሮው ቦታ የተቀመጠው የተቀቀለ ብሮኮሊ ነው። ዓሣ ከሚዋኝበት የማሳያ መስታወት አጠገብ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ መንገደኛ ተቀምጠዋል።

"ወንድሜ ነው" አለች ሚስስ ሊን ዝቅ ባለ ድምፅ። "ዶሮውን የሚሠራው እሱ ነው። ጽሑፉ የወጣ ዕለት ሠራተኞቹን በሙሉ አሰልፌ ጣታቸውን አየሁ። ምን ላድርግ? ሰው ቢጠይቀኝ መልስ ያስፈልገኛል። የሁሉም ሙሉ ነው። ወንድሜ ግን ተቀየመ። ዕድሜዬን ሙሉ አብስዬ እጅህን አሳይ ተባልኩ አለ። ከዚያ ወዲህ ማድ ቤት አልገባም። ቺካጎ ልጁ ጋ ሊሄድ ነው።"

ሽማግሌው ስማቸው እንደተነሳ ገብቷቸው ቀና አሉ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን አንስተው፣ ጣቶቻቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። አንድም አልጎደለም። እኔ እንግዲህ ከዚያ በላይ አፍሬ አላውቅም። ያ ሁሉ ፍርሃቴ፣ የጠበቃውም የጤና ጥበቃውም፣ ከአእምሮዬ ወጣና እነዚያ ጣቶች ብቻ ቀሩ። የተቃጠሉ፣ የጠቆሩ፣ ጥፍራቸው ሥር ዝንጅብል የሰረገ የሚመስሉ ጣቶች።

"ዶሮው በጣም ጥሩ ነው ማለቴ ነበር" አልኩ። "በእኛ ቋንቋ አንድ ምግብ በጣም ሲጥም ሰው የገዛ እጁን..." እንግሊዝኛው ጠፋኝ። ምን ላድርግ፣ በድርጊት ላሳይ ብዬ ደህነኛውን እጄን ወደ አፌ ወስጄ ግጥም አድርጌ ነከስኩት።

ከሒሳብ መቀበያው ማሽን ኋላ የቆመችው አስተናጋጅ ጮኸች። ሚስስ ሊን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች።

"አላህ ይርዳን" አለ ከማል፣ ወንበር ስቦ እየተቀመጠ።

ሚስስ ሊን ግን ደግ ሴት ናት። እብድም ቢሆን ደንበኛ ደንበኛ ነው ብላ ይሁን አላውቅም፣ ወደ መታጠቢያው ወስዳ የአንገት ልብሱን ፈታችው። ጣቶቼን አንድ በአንድ እየነካች አየቻቸው። ጭረቱን አጥባ ፋሻ ለጠፈችበትና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። "በልተሃል?" አለችኝ። እኛ አገር እናቶች ሰው ሲያለቅስ ካዩ እንደሚሉት።

አልበላሁም ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመስኩም። ወንድሟን በቻይንኛ አንድ ነገር አለቻቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደግማ አለቻቸው። በስተመጨረሻ ተነሱ፤ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ወደ ማድ ቤት ገቡ። ዘይት ሲንጫጫ ሰማሁ፤ ወዲያው ያ ሽታ መጣ።

ሳህኑን ፊቴ ሲያስቀምጡት አላዩኝም። እኔም ማስረዳቱን ትቼ በላሁ። ምን ላርግ፣ ከትሪ የሚነሳውና ከእሳት የወረደው አንድ አይደለም! ጭንቀት ሆድ ይዘጋል የሚሉት እኔን አላዩም። ሹካውን መቼ እንደጣልኩ አላውቅም። ወደ ራሴ ስመለስ ሳህኑ ባዶ ነው፤ እኔም ጣቶቼን አፌ ውስጥ ከትቼ መረቁን እየላስኩ ነው። ቀና ስል ሚስስ ሊን፣ አስተናጋጇና ሽማግሌው ተደርድረው ያዩኛል።

"ቆይ" አለች ሚስስ ሊን። "እጅ መቁረጥ... ጥሩ ማለት ነው?"

"በጣም ጥሩ!"

"አንጀት መብላትስ?"

"እሱ ስለ እናንተ ነው። በጣም ደጎች ስለሆናችሁ እዚህ ጋ..." ሆዴን ነካሁ፣ "እዚህ ጋ ትገባላችሁ።"

"ከሰው የተሠራች መድኃኒትስ?"

"እሱ አንቺ ነሽ" አልኳት። ፋሻ የለጠፈችበትን እጄን አነሳሁላት።

ዞር ብላ ለወንድሟ ተረጎመችላቸው። ትርጉሟ ረጅም ነበር፤ እጇን ትነክሳለች፣ ሆዷን ትይዛለች። ሽማግሌው ሰምተው ሰምተው፣ መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ዓይናቸው ጠፋ፣ ከዚያ ጠረጴዛውን ይዘው ሳቁ። እንባቸውን በካፖርታቸው እጅጌ እየጠረጉ አንድ ነገር አሉ።

"በእኛ አገር ደግሞ" አለች ሚስስ ሊን፣ እሷም እየሳቀች፣ "ምግብ በጣም ሲጥም ቅንድብ ይረግፋል ነው የምንለው።"

"ወላሂ?" አለ ከማል። "ይሄን ብትጽፉት ኖሮ እናንተም ትከሰሱ ነበር።"

እዚያው ተቀምጬ የአማርኛውን አጠፋሁትና "ምግቡ ጥሩ ነው፤ ሰዎቹ ጥሩ ናቸው" ብዬ በሥራ እንግሊዝኛዬ ጻፍኩ። ለሾርባም ለጫማም የሚሆን፣ ነፍስ የሌለው ምስጋና ነው። ሚስስ ሊን ግን እፎይ አለች። ሐሙስ ዕለት ስለመጣው ነጭ መኪና ፈራ ተባ እያልኩ ብጠይቃት፣ የዓሣ ማሳያውን መስታወት የሚያጸዳው ሰውዬ ነው አለችኝ። ለሱ ብዬ ነው ከጠዋት ጀምሮ የተጨነቅኩት!

ልንነሳ ስንል ሽማግሌው በእጃቸው ቆዩ አሉን። ካፖርታቸውን አውልቀው የዓሣ ማሳያው አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ጣሉና ወደ ማድ ቤት ተመለሱ። ይዘውት የወጡት ቡፌው ላይ አይቼው የማላውቀው ነገር ነው፤ ነጭ ዓሣ በጥቁር መረቅ፣ ላዩ ላይ እንደ ክር የተከተፈ ሽንኩርት። ለእኔም ለከማልም አቀረቡልን። ከማል ቢስሚላህ ብሎ ጀመረ።

ሽማግሌው ፊት ለፊቴ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ክንዳቸውን አጣጠፉ። የሚያዩት ግን አፌን አይደለም፣ ከዓይኔ ከፍ ብሎ ያለውን ነው። አንድ ጎረስኩ። ምንም አልተናገርኩም፤ ዳግመኛ በምስጋና ልጠመድ አልፈልግም። ብቻ በቀኝ እጄ እየጎረስኩ በግራ እጄ ቅንድቤን ደገፍ አደረግኩት።